«ዘፈኑ ጥሩ ነበር፣ ክሊፑ ግን አይገናኝም»፦ የሙዚቃ ቪዲዮ ትርጉም የሚሰጠን እንዴት ነው?

አዲስ ዘፈን ከነክሊፑ በወጣ ማግስት ፒያሳ አካባቢ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ሁለት ዓይነት ፍርድ መስማቱ አይቀርም። አንዱ «ክሊፑ ዘፈኑን አነሣው» ይላል። ሌላው «ዘፈኑ ጥሩ ነበር፣ ክሊፑ ግን አይገናኝም» ብሎ ይዘጋዋል። «ምኑ ነው የማይገናኘው?» ሲባል ግን ወሬው ወደ መኪናው፣ ወደ ልብሱ ወይም «ልጅቷ ማን ናት?» ወደሚለው ያመልጣል። ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ነጠላ ዜማዎች በላይ በላይ ሲለቀቁ ይኸው ክርክር እንደገና ይጦፋል።

ተመልካቹ ፍርዱን የሚሰጠው በዘፈቀደ አይደለም። ክሊፑ ገና የመጀመሪያው ስንኝ ሳይዜም ዘፈኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ነግሮናል፤ ቀጥሎ ደግሞ ከግጥሙ ሊወጡ ከሚችሉት ብዙ ፍቺዎች አንዱን መርጦልናል። «አይገናኝም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ስህተት ሲኖር ነው።

ክሊፕ መጀመሪያ ለምን ተፈለገ?

ለመሸጥ። የአሜሪካው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤም ቲቪ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ሥራ ሲጀምር ቪዲዮዎቹን የሚያቀርቡለት ሸክላ አሳታሚ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ዓላማቸውም ሰው አይቶ ሸክላውን እንዲገዛ ነው። የኛ መንገድ ከዚህ ይለያል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ስርጭት ሲጀምር ዘፋኝ ስቱዲዮ ገብቶ ካሜራ ፊት ይቆማል፣ ከኋላው ባንዱ ይደረደራል፣ በቃ። ምስሉ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ጥቁርና ነጭ ነበር። ቦታ፣ ታሪክ፣ ተዋናይ የሚባል ነገር ስለሌለ ትርጉሙን የሚሸከመው የዘፋኙ ፊትና እጅ ብቻ ነበር። የጥላሁን ገሠሠን የዚያን ዘመን ምስሎች ያየ ሰው ፊት ብቻውን ምን ያህል መናገር እንደሚችል ያውቃል። አንዳንዴ የዛሬ ድሮንና ኪራይ ቪላ ተደምረው ያንን ያህል አይናገሩም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቀጥሎ በየሙዚቃ ቤቱ የሚሸጠው ቪሲዲ መጣ፣ ከዚያ ዩቲዩብ። ዛሬ ክሊፕ የዘፈኑ ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን ለብዙ አድማጭ ዘፈኑ ራሱ ሆኗል። ዘፈኑን የሚያገኘው እዚያው ነውና።

ዘውግ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዘውግ የሙዚቃ ዓይነት ነው፤ ተመሳሳይ ምት፣ መሣሪያ፣ አዘፋፈንና ልማድ ያላቸው ዘፈኖች የሚመደቡበት ክፍል። ሬጌ፣ ሂፕ ሆፕ፣ ጃዝ የዘውግ ስሞች ናቸው።

እኛ ዘንድ አመዳደቡ ትንሽ ይወሳሰባል። መጀመሪያ «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ» እንላለን። ባህላዊውን ደግሞ በድምፁ ሳይሆን በአካባቢው ወይም በቋንቋው እንጠራዋለን፤ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ የጎንደር፣ የወሎ። በቅኝት የምንለይበትም ጊዜ አለ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። በተግባር የምንለያቸውም ብዙ ናቸው፤ የሠርግ፣ የበዓል፣ የሀገር፣ የስደት። አንድ ዘፈን በሦስቱም መንገድ ስም ሊኖረው ይችላል።

ለተመልካቹ ዘውግ የታክሲ ታፔላ ነው። ሳይሳፈር ወዴት እንደሚሄድ ይነግረዋል። ስለዚህ ክሊፕ ሠሪው ታፔላውን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰኮንዶች ይሰቅላል፤ ማሲንቆ በቅርበት፣ ነጭ ልብስ፣ ሳር ክዳን ቤት ካየን ባህላዊ ነው፤ ዝቅ ካለ ቦታ ሽቅብ የሚያይ ካሜራ፣ ከራፐሩ ኋላ የቆሙ የሰፈር ልጆች ካየን ሂፕ ሆፕ ነው። ማንም አላስተማረንም፤ ደጋግመን ስላየን ነው።

ካሜራው ሰውነትን የት ላይ ይቆርጣል?

ልብስና ቤት ሁሉም የሚያስተውለው ነው። ዘውግን አጥብቆ የሚይዘው ግን ብዙ የማናስተውለው የፍሬም ጉዳይ ነው፤ ማለትም ካሜራው ከተወዛዋዡ ሰውነት የትኛውን ያስገባል፣ የትኛውን ያስቀራል የሚለው።

እስክስታ የትከሻ፣ የአንገትና የደረት ነገር ነው። ካሜራው ከወገብ በላይ ቢይዝ የሚቀር የለም፤ እንዲያውም ሲጠጋ ትከሻው ሲርገፈገፍ፣ የአንገት ሐብሉ ሲዘል፣ የሹሩባው ጫፍ ሲበተን ይታያል። ጉራጊኛን በዚሁ ፍሬም የቀረጸ ሰው ግን ዘፈኑን ገደለው። የጉራጊኛ ጉልበት እግር ላይ ነው፤ ጉልበት ይታጠፋል፣ እግር መሬቱን እየመታ ይፈራረቃል፣ እጅ እግሩን ይከተላል። ስለዚህ ካሜራው ወደ ኋላ ሄዶ ሰውየውን ከራስ እስከ እግር ጥፍሩ፣ መሬቱንም ጨምሮ መያዝ አለበት። አቧራው ሲነሣ ካልታየ ፍጥነቱም አይታይም። ወላይትኛ ደግሞ ወገብ ላይ ነው፤ ከጉልበት በላይ ተይዞ ተወዛዋዡ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ሲል ነው የሚያምረው።

የሐረርጌው ሸጎዬ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ተያይተው ነው የሚጫወቱት። ካሜራው ከአንዳቸው ፊት ቢቆም የሌላኛው ጀርባ ብቻ ይቀራል፤ ጨዋታው ደግሞ በሁለቱ መሀል ያለው ነገር ነው። ከጎን ካልሆነ አይያዝም። የትግርኛ ጭፈራ በክብ ይዞራል፤ ከበሮው እስኪፈጥን ድረስ ሰልፉ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ከመሬት ሲታይ ክቡ የሰው ጀርባ መደዳ ይሆናል፤ ከፍ ካለ ቦታ ግን ክብነቱ ይገለጣል። በእኔ ግምት በሀገራችን ክሊፖች ድሮን በእውነት ሥራ የሠራው እንዲህ ባሉት ጭፈራዎች ላይ ነው፤ በሌላው ቦታ ብዙ ጊዜ «አለን» ለማለት ነው የሚበረው።

እንግዲህ «የጉራጊኛው ክሊፕ ምኑም አልሞቀኝ» የሚል ተመልካች ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል። ቆም ብሎ ቢያይ ካሜራው ከወገብ በላይ እንደቀረ ሊያገኝ ይችላል።

ምቱስ?

ምስል የሚቀያየርበት ፍጥነትም ከዘውጉ ይመጣል። አንድ ዘፈን በደቂቃ 120 ምት ካለው በሰኮንድ ሁለት ምት ይሆናል። ኤዲተሩ በየአራት ምቱ ምስል ቢቀይር እያንዳንዱ ምስል ሁለት ሰኮንድ ይቆያል፤ ለአራት ደቂቃ ዘፈን 120 የተለያየ ምስል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ለጭፈራ ዘፈን ይህ ያስኬዳል። ትዝታን እንዲህ ከቆራረጡት ግን ትዝታነቱ ይጠፋል። ትዝታ ሲዜም ድምፁ ይጎተታል፣ ይንከባለላል፣ አንድ ቃል ላይ ይቆያል፤ ምስሉም አብሮ መቆየት አለበት። ፊት ላይ፣ መስኮት ላይ፣ እየቀዘቀዘ ባለ ስኒ ላይ።

ቀረጻ ላይ የሚደረግ አንድ ዘዴ ነገሩን በቅርበት ያሳያል። ክሊፕ ሲቀረጽ ዘፈኑ አስቀድሞ አልቋል፤ ቦታው ላይ ድምፅ ማጉያ ይቆምና ዘፈኑ ይለቀቃል፣ ዘፋኙ አፉን እያስገጠመ ይዘፍናል። ይህ ፕሌይባክ ይባላል። ዳይሬክተሩ ዘፋኟ በዝግታ እንድትራመድ፣ ነጠላዋ በዝግታ እንዲንሳፈፍ፣ ከንፈሯ ግን ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም ከፈለገ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ይለቀዋል። ዘፋኟ እንደ ወፍ እየተንጫጫች ትዘፍናለች፤ ካሜራው በሰኮንድ 24 በመቅረጽ ፈንታ 48 ምስል ይይዛል። በኋላ ምስሉ በግማሽ ፍጥነት ሲታይ ከንፈሩ ቦታው ይገባል፣ የቀረው ዓለም ሁሉ ይዘገያል። ስክሪኑ ላይ ሐዘን መስሎ የምናየው ነገር ቀረጻው ላይ ለነበሩት ሳቅ የሚያመጣ ነበር።

ግጥሙ አንድ ይላል፣ ምስሉ ሌላ፤ ይህ ያስኬዳል?

ያስኬዳል። አንድሪው ጉድዊን የተባለ የሙዚቃ ቪዲዮ ተመራማሪ በግጥምና በምስል መካከል ያለውን ግንኙነት በሦስት ከፍሎታል። ምስሉ ግጥሙን እንዳለ ሊያሳየው ይችላል። ግጥሙ ውስጥ የሌለ ነገር ጨምሮ ሊያሰፋው ይችላል። ወይም ከግጥሙ ርቆ፣ አንዳንዴም ተቃርኖት ሊሄድ ይችላል።

የኛ ክሊፖች ድክመት ባብዛኛው የመጀመሪያው ላይ መቆማቸው ነው። «አበባ» ሲባል አበባ፣ «ጨረቃ» ሲባል ጨረቃ፣ «እንባ» ሲባል እንባ። ያልተገጠመለት አንድ ነገር ቢኖር ቪ8 መኪናው ነው፤ እሱ ግን ግጥሙ ውስጥ ባይኖርም አይቀርም።

ሁለተኛው ላይ ነው ነገሩ የሚበስለው። «ከሄድሽ በኋላ ቤቱ ቀዘቀዘ» የሚል ስንኝ አለን እንበል። የሄደችው ማን ናት? ቃሉ አይናገርም። አሁን ሦስት ዳይሬክተሮች ይህንኑ ስንኝ ወሰዱት።

አንደኛው ልጅቷን ሻንጣ አስይዞ በለገሃር አሮጌ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ አሳለፋት። ፍቅረኛ ናት፤ ተለያይተዋል። ሁለተኛው በአልጋ ጠርዝ የተቀመጠች ሴት አሳየ፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፣ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሯል። ሌላ ምንም አያስፈልግም። እናት ሞታለች። ሬሳ፣ ድንኳን፣ ለቅሶ ማሳየት ትርፍ ነው፤ የጥለቱ አቅጣጫ ብቻውን ጨርሶታል። ይህን የባህር ማዶ ተመልካች አያነበውም፤ እዚህ ያደገ ልጅ ግን በግማሽ ሰኮንድ ያነበዋል። ሦስተኛው ቦሌ አየር ማረፊያ ሄዶ ተመሳሳይ ሻርፕ ያደረጉ ወጣት ሴቶችን ሰልፍ ቀረጸ። እህት ናት፤ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳለች።

ዜማው አንድ፣ ግጥሙ አንድ፣ ዘፈኑ ግን ሦስት ሆነ። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም ሰው የዚህን ሥር አሳይቷል። የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከቆንጆ ሴት ጋር አያይዞ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ ረሃብ፣ ሐዘንና ምኞት አየ። ክሊፕ ላይ የፊቱን ቦታ ግጥሙ ይይዛል።

ለእኛ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፤ የአማርኛ ዘፈን ሰምና ወርቅ ይወዳልና። «እሷ» ፍቅረኛም፣ ሀገርም፣ ሰላምም ልትሆን ትችላለች። ዳይሬክተሩ ሰሙን ከቀረጸ፣ ማለትም አንዲት ቆንጆ ልጅ ካቆመ፣ ወርቁ ተደብቆ ይቆያል፤ የገባው ይገባዋል። ወርቁን ከቀረጸ፣ ባንዲራና አርበኛ ካሳየ፣ ሁሉም ይረዳል፣ ግን የሚፈታ ነገር አይተርፍም። የመጀመሪያው ለዘፋኙ ይከልልለታል፤ ሁለተኛው አቋሙን አደባባይ ያወጣበታል። በእኔ አስተያየት ጥሩ የሰምና ወርቅ ዘፈን ላይ ያለ ክሊፕ ዝም ማለት ቢያውቅ ይሻለዋል።

መሀል አዲስ አበባ ለምን በየክሊፑ ይታያል?

ቅርብ ስለሆነና ተመልካቹ ያለ መግለጫ ጽሑፍ የሚያውቀው ቦታ ስለሆነ። ጊዮርጊስ ጋ ያለው የአፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. የቆመ ነው፤ አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ አለ፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ትግላችን ሐውልት አለ። የሀገር ዘፈን ሠሪ ታሪክን በሁለት ሰኮንድ ለመጥራት ከፈለገ እዚህ ይመጣል። ቴዲ አፍሮ በ2004 ዓ.ም. ያወጣው የ«ጥቁር ሰው» ዘፈን ክሊፕ ሌላ መንገድ ሄዶ የአድዋን ዘመቻ ራሱን በተዋናይና በጦር ሜዳ ትዕይንት ለማሳየት ሞከረ፤ ያ በወቅቱ እዚህ ያልተለመደ ትልቅ ሥራ ነበር።

ምልክት ግን ለሁሉም አንድ አይናገርም። የምኒልክ ሐውልት ለአንዱ የአድዋ ድል ነው፤ ለሌላው ደግሞ ከንጉሡ የግዛት ማስፋፋት ዘመቻዎች ጋር የተያያዘ የቆየ ቁስል ነው። ያንኑ ምስል አይቶ አንዱ ደረቱን ሲነፋ ሌላው ቻናል ሊቀይር ይችላል። ዘውጉ «የሀገር ዘፈን» ሲሆን ዳይሬክተሩ የትኛውን ሐውልት ከየት አቅጣጫ ያስገባል የሚለው ውበት ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መስቀል አደባባይ ደግሞ ለሬጌ የተለየ ነው። ሬጌ ክሊፖች ላይ የማይቀሩት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከእኛው ባንዲራ በራስ ተፈሪያውያን በኩል ወደ ጃማይካ ሙዚቃ የገቡ ናቸው። በጥር 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት በዚሁ አደባባይ በትልቅ ኮንሰርት ሲከበር ቀለሞቹ የሬጌ ምልክት ሆነው ተመለሱ። አዲስ አበባ ውስጥ በሚሠራ ሬጌ ክሊፕ ላይ እነዚያን ቀለሞች ስናይ ባንዲራ ነው የምናየው ወይስ ዘውግ? መልሱ ከበስተኋላ ባለው ድምፅ ይወሰናል፤ ከበሮና ክራር ከሆነ ባንዲራ፣ የሬጌ ጊታርና ቤዝ ከሆነ ሬጌ።

የአሮጌ ሰፈሮች ነገርም አለ። የፒያሳ ጠባብ መንገዶችና የእንጨት በረንዳዎች ለትዝታና ለጃዝ ክሊፖች የተለመደ ስፍራ ነበሩ፤ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶችም እንዲሁ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ። አሁን በዚያው ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የሌሊት መብራት አለ፤ ለዘመናዊ የፍቅርና የጭፈራ ክሊፕ ያመቻል። ቀደም ሲል የተሠሩት ክሊፖች ደግሞ ማንም ሳያቅድላቸው የሰፈር ማኅደር ሆነዋል። ዘፈኑን ሳይሆን የአያቱን በር ለማየት ክሊፑን የሚያቆም ሰው አለ።

ሕጉ ሲጣስስ?

አንዳንድ ዘውጎች መጣስን ይወዳሉ፣ አንዳንዶቹ አይፈቅዱም። ራፐር ካባ ለብሶ በበቅሎ ቢመጣ ተመልካቹ ይስቃል፣ ይወደዋልም፤ ሁለት ዘውግ መጋጨቱ ራሱ ትርጉም ነው። የኦርቶዶክስ መዝሙር ላይ ግን ትከሻ መምታት ወይም በመኪና መስኮት ማዜም አይታሰብም። ነጠላው መስቀለኛ ተጣፍቶ፣ ከበሮና ጽናጽል ይዞ፣ በዝግታ ማሸብሸብ ነው ሥርዓቱ። እዚያ ላይ ተመልካቹ ቅር የሚለው ሥርዓት ሲነካበት ነው።

አካባቢን በአንድ ልብስ መወከልም የራሱ ጣጣ አለው። በየክልሉ ውዝዋዜ ለጥቂት ሰኮንድ እየዘለለ በሚያሳይ ቅንብር ላይ ዱንጉዛ የለበሰ ሁሉ «ደቡብ» ይሆናል። ዱንጉዛ ከጋሞና ከወላይታ አካባቢ የመጣ ሽመና ነው፤ ደቡብ ደግሞ ሲዳማም፣ ከፋም፣ ኮንሶም ያለበት ሰፊ ምድር ነው። ኮንሶ ያደገ ሰው ዱንጉዛ ለብሶ የሚጨፍረውን አይቶ «ይህ እኔ ነኝ?» ቢል አይፈረድበትም።

ስልክ ምን ለወጠ?

ፍሬሙን አቆመው። የቴሌቪዥንና የዩቲዩብ ምስል ወርዱ ይረዝማል፤ የቲክቶክ ቁመቱ። በቆመ ፍሬም አንድ ሰው ከራስ እስከ እግሩ ሙሉ ይገባል፤ ስለዚህ ብቻውን የሚጨፍር የጉራጊኛ ተወዛዋዥ ከድሮው ይልቅ ተመችቶታል። የትግርኛው ክብ ግን ግራና ቀኙ ይቆረጣል። ሸጎዬ የሚጫወቱት ሁለቱ ሰዎች ከጎን ሲያዙ ወይ ተጨናንቀው ይገባሉ፣ ወይ አንዱ ይወጣል። ዳይሬክተሮች መላ መፈለግ ጀምረዋል፤ ለሰፊው ስክሪን ሲቀርጹም ዋናውን ነገር መሀል ላይ አድርገው ጎንና ጎኑን ባዶ ይተዋሉ፣ በኋላ ለስልክ ሲቆረጥ እንዳይጠፋ። ዛሬ አንድ የቡድን ጭፈራ ክሊፕ ላይ ዘፋኙ መሀል ተለጥፎ፣ ተወዛዋዦቹ ከጎኑ ሳይሆን ከኋላው ተደርድረው ካያችሁ፣ ጭፈራው እንደዚያ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።